ከአያት ወዲያ

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከየካ አባዶ የመጣ ሚኒባስ አያት፣ የቀላል ባቡሩ መጨረሻ ፌርማታ አካባቢ፣ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዞ ቆመ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ «መጨረሻ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ውረዱ» ይላል፤ ከኋላው የመጣው ሃይገር አውቶቡስ ቦታውን ፈልጎ ጡሩምባውን ያስጮኻል። አንዲት ወጣት ሴት ወርዳ ከመንገዱ ዳር ቆመችና ከፌስታል ውስጥ ንጹሕ ጫማ አወጣች። የሰፈሯ ጭቃ የለወሰውን አውልቃ፣ በዚያው ፌስታል ጠቅልላ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቀና ብላ ወደ ባቡሩ ፌርማታ ተመለከተች። ፌርማታው ያለው በሰፊው መንገድ መሀል ነው፤ እዚያ ለመድረስ መኪና የሚርመሰመስበትን አስፋልት መሻገር አለባት። ሀዲዱ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ጥቂት አሰበችና ፊቷን አዙራ ወደ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ሄደች። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ቢሆንም ፈቀቅ ሲል ይታያል።

ይህን ያየሁት ክረምት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አያትም ሆነ በደቡቡ ጫፍ ቃሊቲ በሄድኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ባቡሩ ላይ ሳይሆን ሰው ወደ ባቡሩ የሚደርስበት መንገድ ላይ ሆኗል። ስለ ከተማ ባቡር ስናወራ የሀዲዱን ርዝመት፣ የድልድዩን ከፍታ፣ የብድሩን መጠን እናነሳለን። ተሳፋሪው ግን ባቡሩን የሚመዝነው ከቤቱ ደጃፍ ጀምሮ ነው። ከደጃፉ እስከ ፌርማታው ያለው ጉዞ ከከበደው፣ ባቡሩ የቱንም ያህል ቢፈጥን ከሌላ ሰልፍ ላይ ይቆማል።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደው መስመር ሥራ የጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነበር፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ደግሞ በጥቅምት መጨረሻ ተከተለው። 34 ኪሎ ሜትር ሀዲድ፣ 39 ፌርማታ፣ 41 ባቡር። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 85 በመቶው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ትኬቱ ሲጀመር 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያስታውስ ሰው ያውቃል፤ ባቡሩን ለማየት ብቻ ልጆቹን አስከትሎ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የተመላለሰ ብዙ ነበር። በዚያ ደስታ ውስጥ አንድ ጥያቄ ሳይነሳ አለፈ፦ ባቡሩ ከሚቆምበት ወዲያ ያለው ሰው በምን ይምጣ?

ከሚቆምበት ወዲያ ያለው ሰው ደግሞ ጥቂት አይደለም። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ የተጀመረው ከባቡሩ አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። በ1997ም ሆነ በ2005 ዓ.ም. ተመዝግቦ ዕጣ የወጣለት ሰው ቁልፉን የተረከበው በአብዛኛው ከከተማዋ ዳር ነው። ከአያት አልፈው የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ አሉ፤ ከቃሊቲ አልፈው ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ። በምዕራብ ጦር ኃይሎች ላይ ባቡሩ ሲቆም አየር ጤና፣ ቤቴል፣ ዓለም ባንክና ጀሞ ገና ከፊት ናቸው። ባቡሩ የተዘረጋው ከተማዋ በነበረችበት ላይ ነው፤ ነዋሪው ግን ከሀዲዱ ጫፍ ወዲያ ወዳለው ሜዳ እየሄደ ነበር። ሁለቱም ሥራዎች የመንግሥት ነበሩ፤ ሁለቱም በአንድ ከተማ ካርታ ላይ ተሥለው ነበር። አያት ለባቡሩ መጨረሻ ነው፤ ከየካ አባዶ ለሚመጣው ሰው ግን ገና የመንገዱ አጋማሽ ነው።

እዚህ ላይ ዘወትር የሚገርመኝ ነገር አለ። አያትም ላይ ቃሊቲም ላይ ለባቡሮቹ ማደሪያና መጠገኛ የሚሆን ሰፊ ግቢ አለ። ባቡር ማደሪያ ያስፈልገዋልና ይህ ትክክለኛ ሥራ ነው። ባቡሩ ሌሊት የሚያድርበት መሬት በሁለቱም ጫፍ ተለክቶ፣ ታጥሮ፣ ተሠርቷል። ባቡሩን የሚሞላው ሰው የመጣበት ሚኒባስ፣ አውቶቡስ፣ ባጃጅ ወይም የግል መኪና የሚቆምበት ግን አብሮ አልተለካም። ስለዚህ ሚኒባሱ የአስፋልቱን ጠርዝ ይይዛል፤ አውቶቡሱ ከሚኒባሱ ኋላ ይቆማል፤ ባጃጁ በሁለቱ መሀል ይሾልካል፤ ተሳፋሪው በሦስቱ መሀል ይሻገራል። መናኸሪያ የምንለው ነገር ሳይታሰብ፣ በራሱ ጊዜ፣ በመንገዱ ላይ ተፈጠረ ማለት ነው።

መኪና ያለው ሰውስ? ሲኤምሲና አያት አካባቢ መኪና ያላቸው ብዙ ሰዎች ጠዋት ጠዋት መሪ ጨብጠው እስከ ሜክሲኮና ስታዲየም በጭንቅንቅ ይሄዳሉ። ባቡሩ ከጎናቸው ያልፋል። «ለምን መኪናህን እዚህ አቁመህ በባቡር አትሄድም?» ብዬ የጠየቅኩት አንድ ጎረቤቴ የመለሰልኝን አልረሳውም። «የት ላቁማት? ማታ ስመለስ ስፖኪዮዋን ማን ይመልስልኛል?» ነበር ያለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። በመንገድ ዳር ቁራጭ ወረቀት እየሰጡ መኪና የሚጠብቁ ወጣቶች ለአንድና ለሁለት ሰዓት ይበጃሉ፤ ከጠዋት 1 ሰዓት እስከ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል የሚቆም መኪና ግን በአጥር የተከለለ፣ ብርሃን ያለው፣ ተጠያቂ የሚሆንለት ጠባቂ ያለው ግቢ ይፈልጋል።

ታዲያ በከተማዋ ዳር፣ ከየፌርማታው አጠገብ፣ ትልልቅ የመኪና ማቆሚያ ይሠራ? ብዙ ሰው ወዲያው «አዎ» ይላል። እኔም ለረጅም ጊዜ «አዎ» ስል ነበር። አሁን ግን መልሱን ከመስጠቴ በፊት ሒሳቡን መሥራት ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

አንድ መኪና ለመቆም፣ ከነመግቢያ መውጫው፣ በግምት ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይወስዳል። አንድ ሔክታር ሜዳ ለፓርኪንግ ቢሰጥ ወደ 350 መኪና ይይዛል ማለት ነው። በእያንዳንዱ መኪና ብዙውን ጊዜ ሹፌሩ ብቻ፣ አልፎ አልፎ ሁለት ሰው ይኖራል፤ በአማካይ አንድ ተኩል እንበል። 525 ሰው። የአዲስ አበባ አንድ ባቡር ጢም ሲል 286 ሰው ይይዛል። እንግዲህ ስንት ቤት ሊሠራበት የሚችል ሙሉ አንድ ሔክታር፣ መኪኖቹ ጠዋት ገብተው እስከ ማታ የሚቀመጡበት ግቢ፣ ሁለት ባቡር እንኳ በደንብ አይሞላም። ሦስተኛው ባቡር ሲመጣ ፓርኪንጉ የሚሰጠው ሰው የለውም።

አሁን በዚያው ቦታ ሚኒባስ እናስብ። አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ይዞ ገብቶ፣ አራግፎ፣ ተመላሽ ሰው ጭኖ ለመውጣት አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ተራ አስከባሪው ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ በአንዲት ማራገፊያ ቦታ በሰዓት 12 ሚኒባስ ይስተናገዳል፤ ይህም 144 ሰው ነው። አሥር እንዲህ ያለ ቦታ ቢኖር በሰዓት 1,440 ሰው። ሚኒባስ ለመዞርና ለመቆም ከመኪና ሰፋ ያለ ቦታ ቢፈልግ እንኳ፣ ለአሥሩ ማራገፊያ ከነመዞሪያው የሔክታሩ አንድ ጥግ ይበቃል። ሚኒባሱ በአውቶቡስ ቢተካ ቁጥሩ ወደ ላይ ይወጣል። በእግር ለሚመጣው ደግሞ የሚያስፈልገው የተነጠፈ መንገድና መብራት ብቻ ነው፤ የከተማችን ትልቁ ጉዞ ዛሬም በእግር የሚደረገው ነው።

ይህ ሒሳብ ፓርኪንግ አያስፈልግም አያሰኝም። ቅደም ተከተሉን ነው የሚያሳየው። ከፌርማታው አፍ በጣም ቅርብ የሆነው መሬት ለእግረኛው፣ ቀጥሎ ያለው ለአውቶቡስና ለሚኒባስ፣ ከዚያ ለባጃጅና ሰው አውርዶ ለሚሄድ መኪና፣ ከሁሉም ኋላ ቀኑን ሙሉ ለሚቆመው የግል መኪና መሆን አለበት። በጽሑፍ ሲቀመጥ ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን በየቦታው የምናየው ተገላቢጦሹን ነው። መኪና ያለው ሰው ድምፁ ይሰማል፣ ቢሮ ገብቶ ይናገራል፣ ዲዛይን የሚያጸድቀውም ሰው ብዙ ጊዜ መኪና ያለው ነው። ጫማዋን በፌስታል የያዘችው ሴት ስብሰባው ላይ የለችም።

አውርዶ የሚሄደውን መኪና ለብቻ ላንሳው፤ ትንሽ ነገር ነው፣ የሚሰጠው ጥቅም ግን ትልቅ ነው። ባል ሚስቱን፣ አባት ተማሪ ልጁን ፌርማታው ድረስ አድርሶ ወደ ሥራው የሚመለስበት፣ በስልክ በሚጠሩት ታክሲዎች፣ በራይድ ወይም በፈረስ፣ የመጣ ሰው ሳይጣደፍ የሚወርድበት አምሳ ሜትር ያህል ከዋናው መንገድ የተገለለ ጥግ ማለት ነው። መኪና አይውልበትም፤ ግማሽ ደቂቃ ቆሞ ይወጣል። ሲሚንቶና አስፋልት ይፈልጋል እንጂ ፎቅ አይፈልግም። በአያትም በቃሊቲም ዛሬ ይህን የሚያደርግ ሹፌር ሌይን ዘግቶ ነው የሚያደርገው፤ ትራፊክ ፖሊስ ቢቀጣው ተገቢ ነው፣ ግን ሌላ ቦታ የለውም።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ዘመድ ያለው አንባቢ ሌላውን መንገድ ያውቀዋል። እዚያ የሜትሮ ባቡር ጣቢያዎች በጠቅላላው ወደ 60,000 የሚጠጋ የመኪና ማቆሚያ አላቸው። ሲልቨር ላይን የሚባለው መስመር እ.ኤ.አ. በ2014 እስከ ሬስተን ሲደርስ፣ ዊሊ አቬኑ ላይ ያለው የመጨረሻ ጣቢያ 2,300 መኪና የሚይዝ የምድር ውስጥ ማቆሚያ ነበረው። መስመሩ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል አልፎ አሽበርን ሲገባም፣ በአዳዲሶቹ የዳር ጣቢያዎች አጠገብ ፎቅ በፎቅ የሆኑ ማቆሚያዎች ተሠርተው ጠበቁት። ለዚያ አገር ይህ ምክንያት አለው። ሰፈሮቹ ከአምሳና ስልሳ ዓመት በፊት ጀምሮ የተሠሩት ለመኪና ነው፤ ቤት ከቤት ይራራቃል፣ ሱቅ በእግር አይደረስም፣ በየቤቱ ሁለት መኪና አለ። ባቡሩ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ስለሆነ ቀድሞ የነበረውን መኪና መቀበል ነበረበት።

ይሁንና እዚያም ሐሳቡ እየተለወጠ ነው። የኮሮና ወረርሽኝ መጥቶ የቢሮ ሠራተኛው ከቤቱ መሥራት ሲለምድ ተሳፋሪው ክፉኛ ቀነሰ፤ በሲሚንቶ የተገነቡት ማቆሚያዎችም ባዶ ዋሉ። ከዚያም አስቀድሞ ቢሆን የሜትሮው ባለሥልጣን በየጣቢያው ያለውን የፓርኪንግ ሜዳ ለመኖሪያ ቤትና ለሱቅ ማዋል ጀምሮ ነበር፤ በሜሪላንድ ግሮቭነር ጣቢያ አጠገብ ያለው ሜዳ ለዚህ ከተሰጡት አንዱ ነው። ስሌታቸው ግልጽ ነው፦ ከጣቢያው አጠገብ የሚኖር ሰው በየቀኑ፣ ጠዋትና ማታ፣ ቅዳሜና እሁድም ይሳፈራል፤ የሚቆም መኪና ግን በቀን አንድ ሰው ያመጣል።

እኛ ዘንድ ያለውን ልብ በሉ። የካ አባዶና ቱሉ ዲምቱ አሽበርንን አይመስሉም። ባለ አራትና ባለ ሰባት ፎቅ ብሎኮች ተጠጋግተው የቆሙባቸው፣ በአንድ ደረጃ ሃያና ሠላሳ ቤተሰብ የሚወጣና የሚወርድባቸው፣ አብዛኛው ነዋሪ መኪና የሌለው ሰፈሮች ናቸው። የባቡር መሐንዲስ ተሳፋሪ ፍለጋ ቢወጣ ከዚህ የተሻለ ሰፈር አያገኝም። ሌሎች ከተሞች በስንት ዓመት ሊፈጥሩት የሚለፉትን ጥግግት እኛ በ20/80 እና በ40/60 የጋራ መኖሪያ ቤት ፕሮግራሞች ሠርተን አስቀምጠነዋል። የጎደለው ከብሎኩ እስከ ባቡሩ ያለው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ጥቂት ኪሎ ሜትር በፓርኪንግ ለመሙላት መሞከር ነዋሪው ያልገዛውን መኪና እንዲገዛ መጠየቅ ይሆናል።

ስለ ጣቢያ አቀማመጥ ሲነሳ ለገሐርን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ጣቢያው ከከተማዋ እምብርት ጥቂት ዝቅ ብሎ ነበር የቆመው። ሆቴሉ፣ ሱቁ፣ ቢሮው፣ በኋላም አውቶቡሱና ታክሲው ወደ እርሱ መጡ፤ ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛው የ«ጣቢያ» ቃል ወጥቶ የሰፈር ስም ሆነ። ሰው ባቡሩ ከቆመ በኋላም «ለገሐር ውረድ» ይላል። መቶ ዓመት ቆይቶ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ መስመር ግን ከለገሐር አልተነሳም። ተሳፋሪ የሚጭነው ከከተማዋ ዳር፣ ፉሪ ለቡ ላይ ነው። ለድሬዳዋ የሚሄድ ሰው ሻንጣውን፣ ልጁን፣ ስንቁን ይዞ ማልዶ ለቡ መድረስ አለበት።

ለቡ ላይ የተሠራው ጣቢያ ያማረ ነው። ከፊቱም ሰፊ ሜዳ አለው። የሌለው የከተማ ባቡር ነው። ቀላሉ ባቡርና የጅቡቲው ባቡር በአንድ ዓመት ልዩነት ተመረቁ፣ ሁለቱም በኤሌክትሪክ የሚሄዱ፣ ሁለቱም በዚያው ዘመን ብድር የተሠሩ ናቸው፤ ተሳፋሪ ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ የሚወጣበት አንድም ቦታ የለም። ከጦር ኃይሎች ፌርማታ ለቡ ለመድረስ ታክሲ መቀያየር ግድ ነው። ለመንገደኛ ይህ ወጪና ድካም ነው፤ ለአገር ደግሞ በሁለት ሀዲድ የፈሰሰው ገንዘብ እርስ በርሱ እንዳይረዳዳ መሆን ነው።

ናይሮቢም የሞምባሳውን አዲስ ባቡር ጣቢያ ከከተማ አውጥታ ሲዮኪማው ላይ ነው የሠራችው፤ መስመሩ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እዚያው ሲዮኪማው ላይ ግን ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ መኪና ማቆሚያ ያለው የከተማ ባቡር ጣቢያ ተከፍቶ ነበር። አዲሱ ባቡር ሲመጣም ከመሀል ከተማው ጣቢያ መንገደኛ የሚያመላልስ ባቡር ተመደበለት። ችግሩ ሁሉ ተፈታ አልልም፤ የናይሮቢ ሰውም ስለ መጨናነቅ ያማርራል። ነገር ግን ከሞምባሳ የመጣ ሰው ከአንዱ ባቡር ወርዶ ወደ ሌላው የሚሄድበት መንገድ አለው። ለቡ ላይ የጎደለው እርሱ ነው።

ወደ አያት ልመለስ። ጫማዋን የቀየረችው ሴት ባቡሩን ትታ ወደ ታክሲ ሰልፍ የሄደችው መሻገሩ ስለከበዳት ብቻ አይመስለኝም። ባቡሩ መቼ እንደሚመጣ አታውቅም። መስመሩ ሲታቀድ በየስድስት ደቂቃው ባቡር ይመጣል ተብሎ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ መለዋወጫ ጠፍቶ፣ ለመግዣ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ አጥሮ፣ ከ41ዱ ባቡሮች ከግማሽ በላዩ የቆመበት ወቅት ደረሰ። ተሳፋሪ ሃያ ደቂቃና ከዚያ በላይ ጠብቆ የመጣው ባቡር ሞልቶ ሲያልፈው ልማዱን ይቀይራል። አንድ ጊዜ ከቀየረ ደግሞ መመለሱ ከባድ ነው። በዚህ ምክንያት የዳር ፌርማታ ይሠራ፣ ፓርኪንግ ይገንባ የሚል ሁሉ በመጀመሪያ ስለ ጥገናና ስለ መለዋወጫ መናገር አለበት። ባቡር በሰዓቱ በማይመጣበት ፌርማታ አጠገብ የተሠራ ማቆሚያ ከጥቂት ወራት በኋላ የአሸዋና የጠጠር መሸጫ ይሆናል።

ሌላው ኪስ ነው። ከየካ አባዶ የሚነሳ ሰው እስከ አያት ይከፍላል፣ ለባቡሩ ይከፍላል፣ ከባቡር ወርዶ ቢሮው ሩቅ ከሆነ ሦስተኛ ይከፍላል። ማታም እንዲሁ። ታክሲው በሁለት ጉዞ ካደረሰው፣ ባቡሩ ርካሽ ቢሆንም ድምሩ ይበልጥበታል። ከተማዋ የራሷ አውቶቡሶች አሏት፤ ባቡሩም የመንግሥት ነው። በስልክ ክፍያ የለመደ ሕዝብም አላት። ከአውቶቡስ ወርዶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ባቡር ለሚሳፈር ሰው የሁለተኛው ትኬት ዋጋ እንዲቀንስ ወይም እንዲቀር ለማድረግ ሀዲድ መዘርጋት አያስፈልግም። መኪናውን ለሚያቆመውም እንዲሁ፦ የማቆሚያው ክፍያ የባቡሩን የደርሶ መልስ ትኬት ቢጨምር፣ ማቆሚያው አጠገቡ ላለ ሱቅና ባንክ ደንበኛ ሳይሆን ለተሳፋሪ መሆኑ ይረጋገጣል። ይህን የማያደርግ ማቆሚያ በአንድ ወር ውስጥ የሰፈሩ ሱቆች ግቢ ይሆናል።

ዛሬ ካልተወሰነ ነገ የማይገኘው ግን መሬት ነው። በሌላው ዓለም ከተሞች ለጣቢያ የሚሆን መሬት ከባለቤቱ በውድ ዋጋ ይገዛሉ፣ ፍርድ ቤት ይመላለሳሉ። እኛ ዘንድ መሬት በመንግሥት እጅ ነው፤ ገና ለሊዝ ያልወጣን ቦታ ለፌርማታና ለመቀያየሪያ መያዝ የሚጠይቀው ውሳኔና ካርታ ነው። ሀዲዱን ከየጫፉ አልፎ የማስረዘም ሐሳብ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነሳ ነበር፤ ለምሳሌ በምሥራቅ ወደ ለገጣፎ አቅጣጫ። ሀዲዱ መቼም ይምጣ መቼ፣ የሚያልፍበትና የሚቆምበት ቦታ አሁን ይከለል። አንዴ ፎቅ ከቆመበት በኋላ ካሳው ብቻውን አንድ ፌርማታ ያሠራል።

እዚህ ላይ ፓርኪንግ ራሱ ጥሩ አገልግሎት አለው። ዛሬ አያት ጫፍ ላይ ለመኪና ማቆሚያ የተከለለ ሜዳ፣ ሀዲዱ ነገ ወደፊት ሲሄድ ቦታው ለመኖሪያና ለገበያ የሚውል የተጠበቀ መሬት ነው። ለዚህም ነው ማቆሚያው በጠጠርና በአስፋልት ይሠራ፣ ፎቅ አይሁን የምለው። ጫፍ ሁልጊዜ ጫፍ ሆኖ አይቀርም። መገናኛ በብዙዎቻችን ዕድሜ የከተማ ዳር ነበር፤ ዛሬ ከመሀል መሀል ነው። አያት ላይ የሚሠራ ባለ ስድስት ፎቅ የሲሚንቶ ማቆሚያ ባቡሩ ለገጣፎ በሚደርስበት ቀን ያለ ቦታው ይቀራል። የአስፋልት ሜዳ ግን ማልዶ መኪና፣ እሁድ ገበያ፣ ከዓመታት በኋላ ቤት ይሆናል።

በመሀል ከተማ ግን ተቃራኒውን ማሰብ ያስፈልጋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱ ሲሰፋ፣ የብስክሌት መስመር ሲሠመር፣ የታክሲና የአውቶቡስ መጫኛ ከመንገድ ሲገለል፣ ፓርኪንግም ሲሠራ አይተናል። የእግረኛው መንገድ አስደስቶኛል፤ በዕድሜ የገፋች እናቴ ሳትሰናከል የምትሄድበት መንገድ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ያ ጥንቃቄ ወደ ዳር ሰፈሮችም መውጣት አለበት። መኪና ማቆሚያው ደግሞ ከመሀል ይልቅ ዳር ላይ ቢበዛ ይሻላል። ሜክሲኮ ላይ ምቹና ርካሽ ማቆሚያ እንዳለ የሚያውቅ ሰው መኪናውን አያት ላይ ትቶ በባቡር አይመጣም። ሁለቱን ቦታ በአንድ ጊዜ ማመቻቸት ለአንድ ተሳፋሪ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

በነዳጅ የሚሄድ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማዋ እየበዛ መጥቷል። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ የሆነ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት የመጀመሪያ ራስ ምታቱ የት ቻርጅ እንደሚያደርግ ነው፤ ከአራተኛ ፎቅ ኬብል አውርዶ አይሆንም። ቀኑን ሙሉ የሚቆምበት የፌርማታ ግቢ ላይ ቻርጅ ማድረጊያ ቢኖር፣ መኪናው ማታ ሞልቶ ይጠብቀዋል። የባቡሩ መስመር ራሱ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያዎች ያሉት ስለሆነ ኃይል ከሩቅ መሳብ የግድ ላይሆን ይችላል፤ ባለሙያዎቹ ይመርምሩት። ሰው መኪናውን ትቶ ባቡር እንዲሳፈር ከሚያደርጉት ምክንያቶች ይህ አንዱ ሊሆን ይችላል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

የሚቃወሙኝ ሰዎች ክርክር ይገባኛል። «ባቡሩ ራሱ እየተንገዳገደ ስለ ፌርማታ ግቢ ማውራት ቅንጦት ነው» ይላሉ። ገንዘብ ሲያንስ መጀመሪያ ባቡሩ ይጠገን የሚለውን እኔም ብያለሁ። ነገር ግን የማራገፊያ ጥግ፣ የተነጠፈ መሻገሪያ፣ መብራት፣ ሁለት ዘበኛና አንድ ተራ አስከባሪ የሚጠይቁት ገንዘብ ከአንድ ባቡር ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። ተሳፋሪው በቀላሉ ከደረሰ ትኬት ይቆረጣል፣ ትኬቱ ከተቆረጠ መለዋወጫው የሚገዛበት አንድ ምንጭ ይኖራል። ሁለቱ ሥራዎች ወረፋ የሚጠባበቁ አይደሉም፤ አንዱ ሌላውን ይደግፋል።

ባለፈው ሳምንት ምሽት 1 ሰዓት ላይ ከስታዲየም ተሳፍሬ አያት ወረድኩ። ባቡሩ እንደመጣ ነው የሞላው፤ ከመገናኛ በኋላ መተንፈሻ የለም። በሮቹ ሲከፈቱ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ወደ መሻገሪያው ፈሰሰ። መኪኖቹ ቆሙ፤ አንዳንዱ ሹፌር ጡሩምባውን ነፋ። አንድ አዛውንት የእኔን ክንድ ይዘው ተሻገሩ። «እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ጨለማው ነው የቸገረኝ» አሉኝ። ወዴት እንደሚሄዱ ስጠይቃቸው «አባዶ» አሉ።

ከመንገዱ ማዶ የአባዶ ታክሲ ሰልፍ በአጥሩ ጥግ ተጠማዞ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ይደርሳል። ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ሰልፉ መሀል ያለ አንድ ወጣት አዛውንቱን አይቶ ቦታውን ለቀቀላቸውና ወደ መጨረሻው ሄዶ ቆመ። ሚኒባሱ ሲመጣ የቆመው እንደ ጠዋቱ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዞ ነው፤ ረዳቱም ከሚኒባሱ ወርዶ የኋላውን መኪና በእጁ እያቆመ፣ ተሳፋሪውን አንድ በአንድ አስገባ።